ፊልትሮውን ያለቦታው የገጠምኩ ቀን

የጋራዥ አየር መስመር እዘረጋለሁ። ሀዋሳ ውስጥ ኮምፕሬሰር ያላችሁ ሰዎች ስሜን ባታውቁት እንኳ ስልኬ ሳይኖራችሁ አይቀርም። ባለሙያ የሆንኩበትን መንገድ ግን ለደንበኞቼ ነግሬ አላውቅም፤ ቢሰሙ አንዳንዶቹ የገጠምኩላቸውን ነቅለው ይመጣሉ ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ደንበኛዬ የሆናችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። ሌሎቻችሁ ቀጥሉ።

ያኔ ሥራዬ አየር በአየር ነበር። ያላየሁትን ዕቃ ከማላውቀው ሰው አገኝና ለሌላ የማላውቀው ሰው አሻግራለሁ። ሲሚንቶ፣ ጎማ፣ ያገለገለ ፍሪጅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ የዶሮ እርባታ ከነዶሮዎቹ ሸጫለሁ። አንዱንም በእጄ ነክቼው አላውቅም። ቢሮዬ መሃል ከተማ ያለች አንዲት ካፌ ስትሆን፣ ጠዋት ያዘዝኳትን ማኪያቶ እስከ ምሳ አቆያታለሁ። እናቴ ጎረቤት “ልጅሽ ምን ይሠራል?” ብሎ ሲጠይቃት “ስልክ ያወራል” ነበር የምትለው።

በክረምቱ አንድ ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስቴር ካፌው ገቡ። ታቦር ተራራ ግርጌ የመኪና ቦዲና ቀለም የሚሠራ ጋራዥ ያላቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። በቤታቸው ሲዳሙ አፎ ይናገራሉ፣ አማርኛን የተማሩት ከገበያ ነው፤ ሲናገሩ ቃል አያባክኑም። ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ቆመው፣

“አየር የሚያውቅ ሰው አለ? የኮምፕሬሰር አየር” አሉ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ በላቸው ቀልድ ካገኘ እናቱን የሚሸጥ ሰው ነው። “አየርማ ካሉ ብሩክ አለልዎት! የእሱ ሥራ ሁሉ አየር በአየር ነው” አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ወይዘሮ አስቴር አልሳቁም። ቀልዱ አልገባቸውም ብዬ አሰብኩ።

“አንተ ነህ የአየር ባለሙያ?”

“ከአየር ሌላ ሠርቼ አላውቅም፣ እትዬ” አልኩ። ልብ በሉ፣ ይህ ውሸት አይደለም።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ወደ ታቦር ስንወጣ ነገሩን ነገሩኝ። ትልቅ አዲስ ኮምፕሬሰር ገዝተዋል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን የተቀባ መኪና ሁሉ ብጉር ያወጣል። ቀቢው ጋሽ ማርቆስ የሚባሉ፣ ከወይዘሮ አስቴር ሟች ባለቤት ጋር ጋራዡን የከፈቱ ሰው ናቸው።

“ማሽኑ አዲስ ነው፤ ሰውየው አርጅቷል” አሉ ወይዘሮ አስቴር። “አሁን አንድ ጥቁር ፒክአፕ ተበላሽቶብኛል። ባለቤቱ ቅዳሜ ሊወስደው ይመጣል። አንተ የምትነግረኝ አንድ ነገር ነው። አየሩ ነው ወይስ ሰውየው? ሰውየው ከሆነ ከሻሸመኔ ወጣት ቀቢ አመጣለሁ።”

ጋሽ ማርቆስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸው ላይ የሀዋሳ መኪና ቀለም ሁሉ ያለበት ሽማግሌ ነበሩ። የፒክአፑን ኮፈን አሳዩኝ። ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅም፤ ኮፈኑ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሏል።

“ድሮ እኔ የቀባሁት ጥቁር ላይ ሰው ጢሙን ይላጭበት ነበር” አሉኝ። “አሁን ግን እጄ እንቢ አለኝ። ዓይኔን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው አሉኝ። በጸሎት ቤትም እጃቸውን ጫኑልኝ። ማሽኑማ አዲስ ነው፣ በእሱ አይፈረድም።”

ሐኪም በሽተኛውን እንደሚዞረው ኮምፕሬሰሩን ዞርኩት። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁት። ስለ ውስጡ የማውቀው ነገር ቢኖር አየር እንዳለበት ብቻ ነው። ሁለቱም አፌን እያዩ ይጠብቃሉ።

“አየሩ ነው” አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። ሰውየው ነው ብል የምሸጠው ነገር አይኖርም። አየሩ ነው ካልኩ ግን ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዕቃ ካስፈለገ ደግሞ እኔ አለሁ። ነገሩ ኋላ ላይ እውነት ሆኖ ተገኘ። ለጥቅሜ ብዬ የወረወርኩት ቃል እውነት ላይ ሲያርፍ ያኔ የመጀመሪያው ነበር፤ እኔ ግን በወቅቱ አላወቅሁትም።

“እርግጠኛ ነህ ልጄ?” አሉ ጋሽ ማርቆስ።

“እጅዎ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ።”

ቀኝ እጃቸውን አንስተው፣ ከሄደበት እንደተመለሰ ሰው አዩት።

ግቢው ጥግ ሄጄ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዕቃ አቅራቢ ጋ ደወልኩ። “ለኮምፕሬሰር ምን ምን ይደረጋል?” አልኩት። “ፊልትሮ ውሃና ቆሻሻ ይይዝልሃል። ሬጉሌተር ግፊቱን ይመጥንልሃል። ከፈለግህ ደግሞ ዘይት የሚያንጠባጥብ ብርጭቆ አለ” አለኝ። እኔ ሬጉሌተር ብዬ የማውቀው ቤታችን የጋዝ ሲሊንደር ላይ ያለውን ብቻ ነው።

“ምን ያህል አየር ነው የሚያሳልፈው?” ሲለኝ፣

“ብዙ” አልኩ።

“የቧንቧውስ ስፋት?”

“እሱም ሰፊ ነው።”

“ለቀለም ነው ወይስ በአየር ለሚሠራ ብሎን መፍቻ?”

“ለሁሉም። ምንም እንዳይቀር።”

ሰው ቤቱ የመጣን እንግዳ “ወጡ ብቻ ይበቃሃል” ይለዋል? እኔም ለደንበኛዬ ሦስቱንም አቀረብኩላቸው። ዕቃው ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ደረሰ።

አቅራቢው እንዴት እንደሚገጠም ሊነግረኝ ሲጀምር “አውቀዋለሁ” ብዬ ዘግቼበት ነበር። ስለዚህ በዓይኔ መዝኜ ደረደርኳቸው። ሬጉሌተሩን ፊት አደረግሁት፤ የግፊት መለኪያ ሰዓት ስላለው ያምራል። ቀጥሎ ፊልትሮውን። መጨረሻ ላይ የዘይቱን ብርጭቆ ጢም አድርጌ ሞላሁና ገጠምኩ፤ ዘይት ለማሽን ምን ክፋት አለው? ሁሉንም ከኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ደቀንኳቸው። ወይዘሮ አስቴር “ለምን እዚያ?” ሲሉኝ ተረት አላጣሁም፤ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” አልኳቸው። ፊልትሮው ላይ ቀስት ተስሎበታል። የፋብሪካው ምልክት መስሎኝ ለእይታ በሚያምር በኩል አዞርኩት።

ጋሽ ማርቆስ ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አጥበው፣ አድርቀው ጨርሰው ነበር። የቀለም መርጫቸውን አነሱና አንዴ አሳለፉት። ለአፍታ አንጸባረቀ። ከዚያ ቀለሙ ከብረቱ ላይ ይሸሽ ጀመር። እዚህም እዚያም ክብ ክብ እየሠራ ተከፈተ፤ የትናንቱ ፈንጣጣ ከዛሬው ጋር ሲተያይ ውበት ነበር።

ወይዘሮ አስቴር ወደ እኔ ዞሩ። “አየሩ ተስተካክሏል?”

“ተስተካክሏል” አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።

“እንግዲያው ታወቀ” አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጋሽ ማርቆስ መርጫውን በቲነር አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ለወይዘሮ አስቴር አስረከቡ። ወይዘሮ አስቴር ተቀበሉት፤ የት እንደሚያኖሩት ግን ጠፋባቸው። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

“እግዚአብሔር ይስጥልህ ልጄ” አሉ። “አየሩ ይሆን እኔ ስል ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አሁን ተጣራልኝ።”

በዚያ ፊልትሮ የተጣራ ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

“ምክንያቱን አውቀዋለሁ” ብለው ቀጠሉ። “ታደሰ የሚባል ወንድም አለኝ። አባታችን ሲሞት እኔ ሞያሌ ነበርኩ፤ ሳይጠብቀኝ ቀበረው። ስደርስ አፈሩ ደርቆ ነበር። ‘ሬሳ አይቆይም’ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚሁ ከተማ እየኖርን ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ፓስተሩ ስንቴ ለመነኝ! እንቢ አልኩ። በቂም የተያዘ እጅ ምን ያቀናል?”

ካፖርታቸውን ለበሱና በዝናቡ ቁልቁል ወረዱ።

እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ዕቃው መጥቷል፣ ተገጥሟል። እንደ ልማዴ ቢሆን ስልኬን አንስቼ ወደሚቀጥለው መሄድ ነበረብኝ። ግን አፈርኩ፤ እንዲያው ዝም ብዬ አፈርኩ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እረሳው ነበር፤ ጋሽ ማርቆስ ግን አመስግነውኝ ሄዱ። እናቴ ያቀረበችልኝን እራት ሳልነካ ስነሳ “ዛሬ ደግሞ ምን ሸጠህ ነው?” አለችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ወይዘሮ አስቴር የጋራዡን በር ሲከፍቱ በሩ ላይ ቆሜ አገኙኝ።

“እትዬ፣ እኔ የአየር ባለሙያ አይደለሁም” አልኩ። “አየር በአየር ማለት እኮ…”

“ድለላ ነው” አሉ። “በዚህ ከተማ ስነግድ አርጅቻለሁ፣ አየር በአየር ምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? ባለሙያ ባጣ ዕቃ ፈልጎ የሚያመጣ ሰውም ይበቃኛል ብዬ ነው። አንተ ስታዳምጠውና ስታንኳኳው ባይ ‘እሰየው፣ ለካ ሙያም አለው’ አልኩ።”

ካፌው ውስጥ ነገሩ ያልገባው ሰው እኔ እንደነበርኩ ያኔ ገባኝ።

“አሁን ምን ልታደርግ መጣህ?”

“ላየው ነው። እስካሁን አላየሁትም።”

ከወደቀ ዕቃ መሃል አንድ የመኪና ስፖኪዮ አነሳሁና የአየሩን የጎማ ቱቦ ከፍቼ ወደ መስታወቱ ነፋሁት። መስታወቱ ላብ በላብ ሆነ። በጣቴ ስነካው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ያሙለጨልጫል። ወደ ፊልትሮው ሄድኩ፤ ከሥሩ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርጭቆ ደረቅ ነው። ውሃ መያዝ ያለበት ደርቋል፣ መድረቅ ያለበት ርሷል። የኮምፕሬሰሩን አፍ ብነካው እጄን አቃጠለኝ። ቧንቧውን በግድግዳው እየዳበስኩ ተከትዬ ቀለም መቀቢያው ጋ ስደርስ ቀዝቃዛ ሆነ።

“እዚህ ትኩስ ነው፣ እዚያ ቀዝቃዛ” አልኩ፣ ለራሴ ያህል።

ወይዘሮ አስቴር ከኋላዬ ቆመው ነበር። “ድስት ሲፈላ ውሃው ክዳኑ ላይ ሲደርስ አይደል የሚንጠባጠበው?” አሉ።

ያ ነበር። አየሩ ትኩስ ሳለ ውሃውን በእንፋሎት መልክ ተሸክሞ በፊልትሮው ውስጥ በኩራት ያልፋል። መንገድ ላይ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከፊቱ የሚይዘው የለም፣ ከጋሽ ማርቆስ ኮፈን በቀር። የፊልትሮውን ቀስት አየሁት፤ አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነበር የሚያመለክተው፣ እኔ ወደኋላ አዙሬዋለሁ። የዘይቱን ብርጭቆ አየሁት፤ ጎድሏል።

“ዘይቱ የት ሄደ?” አልኩ።

“ኮፈኑ ላይ” አሉ ወይዘሮ አስቴር።

አቅራቢው ጋ ደወልኩ። በዚህ ጊዜ “አውቀዋለሁ” አላልኩም። “በቀለም መስመር ላይ ዘይት አስገባህ?” ብሎ ጮኸብኝ፤ ሳይዘጋብኝ ግን አስረዳኝ። ፊልትሮው ይቀድማል፣ ቆሻሻው ሬጉሌተሩን እንዳያንቀው። ሬጉሌተሩ ይከተላል፣ ቀቢው አጠገብ፣ እያየ የሚመጥንበት ቦታ። ዘይቱ የአየር መፍቻው መስመር ላይ ብቻ ነው። ወደ ጎማ ቱቦው የሚወርደው ቅርንጫፍ ደግሞ ከዋናው ቧንቧ ጀርባ ይወጣል እንጂ ከሆዱ አይወጣም፣ ውሃው ከታች እንዲቀር። “የኮምፕሬሰሩን የአየር ታንከርስ ከውሃ አጠንፍፈኸዋል?” አለኝ። ከሥሩ መክፈቻ እንዳለው እንኳ አላየሁም ነበር።

ስከፍተው ቀይ የዝገት ውሃ እየተንደቀደቀ ወጣና ግቢውን አቋርጦ እስከ በሩ ፈሰሰ። ወይዘሮ አስቴር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አዩት።

“ይህ ሁሉ አየር ነው?” አሉ።

ቴፍሎን እየጠቀለልኩ፣ እየፈታሁ፣ እያሰርኩ፣ ጣቶቼ ተልጠው ሁሉንም በየቦታው አስገባኋቸው። በሕይወቴ የማደርገውን አውቄ በእጄ የነካሁት የመጀመሪያ ዕቃ ነበር። ስፖኪዮውን መልሼ ነፋሁት። የራሴን ፊት አየሁ፣ ደረቅ።

በዚህ መሃል ጋሽ ማርቆስ ገቡ፣ የጸሎት ቤት ልብሳቸውን ለብሰው። ቱታቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። ፊታቸው ግን ሥራ ያጣ ሰው ፊት አልነበረም።

“ትናንት ከዚህ እንደወጣሁ ታደሰ ቤት ሄድኩ” አሉ። “በሩን ከፈተ። ‘ማርቆስ’ ብቻ አለኝ። በሩ ላይ ተቃቅፈን ስናለቅስ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ወጣ። ‘እግዚአብሔር ዕርቃችንን ከተቀበለ እጅህ ይመለሳል’ ብሎኛል። ለምሳ ሊወስደኝ እየመጣ ነው።”

እኔና ወይዘሮ አስቴር ተያየን። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

“ማርቆስ፣ አንድ ጊዜ ቅባ” ብለው መርጫውን ዘረጉ።

“ምን ያደርጋል አስቴር?”

“ዝም ብለህ ቅባ።”

ቱታውን በልብሳቸው ላይ ደረቡ። ኮፈኑን እንደገና ሲያዘጋጁ አላጣደፍናቸውም። ከዚያ መርጫው ተነሳ። ክንዳቸው ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ። ቀለሙ ተኛ። ጠበቅን። ክቡ አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል እያልኩ ዓይኔን አልነቀልኩም። አልተከፈተም። የቆርቆሮው ጣሪያ፣ አምፖሉ፣ የሦስታችን ጭንቅላት ጥቁሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጋሽ ማርቆስ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና ጨርቁን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

አቶ ታደሰ በዚህ ሰዓት ደረሱ፤ ጋሽ ማርቆስን በትንሹ አሳጥረው እንደገና የሠሯቸው የሚመስሉ ሰው። ኮፈኑን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ። “ተመለሰልህ!” ብለው ጮኹና ቱታውን ከነቀለሙ አቀፉት። ከዚያ እኔን አገኙኝ።

“አንተ ነህ ባለ አየሩ? ምን ነበር?”

በዚያች ሰዓት፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምናገረውን አውቅ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ቀስቱን፣ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን ቧንቧ። ጥፋቱም የእኔ እንደነበር አልሸሸግሁም። አቶ ታደሰ በትዕግሥት ሰምተውኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

“ትሕትናህ ደስ ይላል” አሉኝ። “ሥራውን እግዚአብሔር ሠራው፣ አንተም ለራስህ አልወሰድክም።”

ወይዘሮ አስቴር ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አገኙና እሱን ይመለከቱ ጀመር።

አቶ ታደሰ ባጃጅ ሊጠሩ ሲወጡ ጋሽ ማርቆስ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፊልትሮ ቀረቡ። ብርጭቆው ሥር ከአሁኑ ትንሽ ውሃ ቋጥሯል። በጥፍራቸው ቀጭ አደረጉት።

“ይኸው ነበር?”

“ይኸው ነበር፣ ጋሼ።”

“ትናንት የት ነበር የገጠምከው?”

“እዚያ። ያለቦታው።”

ሃያ ዓመት ያካበቱትን ሙያ በአንድ ቀን ያሳጣቸው ሰው እኔ ነኝ፤ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ብርጭቆውን እያዩ፣

“ትናንት እዚህ ገጥመኸው ቢሆን ኖሮ፣” አሉ፣ “ማታ ቤቴ ገብቼ፣ እራቴን በልቼ፣ ቂሜን ታቅፌ እተኛ ነበር።”

ከውጭ አቶ ታደሰ “ማርቆስ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል!” እያሉ ተጣሩ። ሄዱ።

የፒክአፑ ባለቤት አመሻሹ ላይ መጥቶ መኪናውን ደስ ብሎት ወሰደ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሐቀኛ ሰው ሆንኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ እኔም አልልም። ካፌዋን ግን ተውኩ። ያላየሁትን ዕቃ መሸጥ አቃተኝ፤ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር የጎደለው የዘይት ብርጭቆ ይታየኛል። ጥቂት ወራት ወይዘሮ አስቴር ጋራዥ ቧንቧ ስፈታና ሳስር ቆየሁ፤ ጋሽ ማርቆስ ዛሬም እዚያው ይቀባሉ። አሁን ሰው ሲደውልልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን ያህል አየር እንደሚፈልግና ለምን ሥራ እንደሆነ ነው። “ትልቁን አምጣልኝ” የሚለኝን ደንበኛ ራሴን ያየሁ ያህል እቆጣዋለሁ። እናንተም ጋራዥ ካላችሁ ታንከራችሁን በየጠዋቱ አጠንፍፉ፤ ሠራተኛችሁን ከማባረራችሁ በፊት ደግሞ አንድ መስታወት ላይ ንፉ።

አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጋራዥ ገጥሜያለሁ፤ ፊልትሮውም ሬጉሌተሩም በየቦታው፣ ቀስቱም በአቅጣጫው፣ አንድም ስህተት የለበትም። እስካሁን ግን ማንንም አላስታረቅሁም።